ማንም ያልነካው መስታወት

አንዲት ሴት ነበረች። በአንድ ቤተ ሙከራ የምትሠራ፣ ጥንቁቅ፣ ሥራዋን አክባሪ ሴት። ስንቅነሽ እንበላት።

እሷና የሥራ ባልደረባዋ መልካሙ አንድ ውድ መሣሪያ በአደራ ይጠብቁ ነበር። መሣሪያው አየሩ ተመጦ የወጣለት የተዘጋ ሣጥን አለው፤ በሣጥኑ ውስጥ ደግሞ አልትራቫዮሌት የሚባለውን፣ ዓይናችን የማያየውን ብርሃን የሚቀበል ትንሽ መስታወት። ያን መስታወት በጣት መንካት ፈጽሞ ክልክል ነው።

አንድ ጠዋት ስንቅነሽ ብርሃኑ መድከሙን በመለኪያው ላይ አየች። ሣጥኑን ከፈተች። መስታወቱ ላይ ጥላሸት የመሰለ ነገር ተጋግሯል።

«መልካሙ፣ ነክተኸዋል አይደል?»

«ኧረ እኔ አልነካሁም፣ ስንቁ።»

«ታዲያ ከእኔና ካንተ ሌላ እዚህ ማን ይገባል?»

«ሙች ስልሽ፣ አልነካሁም!»

አላመነችውም። ወገኖቼ፣ ስንት ዓመት አብሮን የሠራን ሰው በአንድ ጠዋት አለማመን እንዴት ይቀላል! ሰላምታዋ ቀዘቀዘ። እሱ ሲቀልድ ፊቷን ታዞራለች። ወሬው ወደ ሌሎቹም ደረሰ። መልካሙ በጥርጣሬ ዓይን እየታየ መሥራት ከበደው፤ ሥራውን ሊለቅ ተነሣ።

እሷ ግን መስታወቱን በማጉያ ስትመረምር ልቧ ድንግጥ አለ። የጣት አሻራ የለም! ጥቁረቱ ያለው ብርሃኑ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። በሣጥኑ ውስጥ አንድ ሽቦ የተያዘበት ማጣበቂያ ነበር። ከማጣበቂያው የማይታይ ተን ይወጣል፤ ብርሃኑ ተኑን ይሰባብርና ካርቦን የሚባለውን ጥላሸት መስታወቱ ላይ ያጋግረዋል። ያን ማጣበቂያ የቀባው ማን ነበር? እሷው ራሷ!

ሮጣ ሄደች። መልካሙ ዕቃውን እየሰበሰበ ነበር።

«መልካሙ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። አንተን በከንቱ አሳዘንኩህ።»

በእጁ የያዘውን ዕቃ አስቀመጠ።

«መስታወቱ ምን አለበት፣ ስንቁ» አላት። «እኔን የጎዳኝ ቃሌን አለማመንሽ ነው።»

አለቀሰች። ይቅር በለኝ አለችው። እሱም አላስቻለው።

«በይ ተይው። ነይ፣ አብረን እናጽዳው።»

ማጣበቂያውን አስወገዱ። ወደ ሣጥኑ ጥቂት ንጹሕ አየር አስገቡና ያንኑ ብርሃን አበሩት። ወገኖቼ፣ ያ ያጠቆረው ብርሃን አየር ሲያገኝ ጥቁረቱን ቀስ በቀስ በልቶ አነሣው!

እናንተስ? በዘጋችሁት ልብ ውስጥ ማንን ከሳችሁ፣ በማንስ ላይ ፈረዳችሁ? እየማለላችሁ ያላመናችሁት ወንድም፣ ያላመናችኋት እህት ዛሬ የት ናቸው? እግዚአብሔር ብርሃኑን አልነፈገንም። እኛ ነን ዘግተን የተቀመጥነው።

እንግዲህ ከዚህ ስትወጡ ቀጥታ ወደ ቤት አትግቡ። ወደዚያ ሰው ሂዱ። ሽማግሌ አትላኩ፤ ራሳችሁ ሂዱ። ምናልባት በሩ ቶሎ አይከፈትላችሁ ይሆናል። ቢሆንም ቁሙ። እግዚአብሔርስ በእኛ ደጅ ስንት ዘመን ቆሟል?