የዘለቀን መቅኔ ማን ይቀስቅሰው?

ተረት ልንገራችሁ፤ በረቱን ላሟ ትጠብቀው፣ እናንተ ጆሯችሁን ስጡኝ።

ወለላ የምትባል ሙሽራ ነበረች። ምኞቷ ትንሽ ናት፦ ከቤት ሳትወጣ የአባቷን የዘለቀን ጉልበት መሳም። የአባቷን ጉልበት ያልሳመች ሙሽራ ምኑን ተዳረች? ዘለቀ ግን ደሙ አልቆ ሆስፒታል ተኝቷል። ሄዳ የክፍሉን በር ገፋች።

«በር፣ በር፣ ተከፈት፤ የአባዬን ጉልበት ልሳም።»

«አልከፈትም» አለ በሩ። «ሰርገኛ ጉንፋኑን ይዞ ይገባል፤ አባትሽ ደሙ ውስጥ ጉንፋን የሚመክት ነጭ ዘብ የለውም። ዘቦቹን ጥሪ።»

«ዘቦች፣ ኑ! እናንተ ካልመጣችሁ በሩ አይከፈትም፣ በሩ ካልተከፈተ ጉልበት አይሳም።»

«አንመጣም። የሚወልደን አጥንት ውስጥ ያለው መቅኔ ነው። እሱ ካልወለደን ከየት እንምጣ፣ ከጎረቤት?»

«መቅኔ፣ ተነስ! አንተ ካልተነሳህ ዘቦቹ አይመጡም፣ ዘቦቹ ካልመጡ በሩ አይከፈትም፣ በሩ ካልተከፈተ ጉልበት አይሳም።»

መቅኔው አዛጋ። «አልነሳም፣ ደክሞኛል። የሚቀሰቅሰኝ መርፌ አለ፤ እሱን ላኪው።»

መርፌው ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጧል።

«መርፌ፣ ግባ! አንተ ካልገባህ መቅኔው አይነሳም፣ መቅኔው ካልተነሳ ዘቦቹ አይመጡም፣ ዘቦቹ ካልመጡ በሩ አይከፈትም፣ በሩ ካልተከፈተ ጉልበት አይሳም።»

«እዚህ ብርድ ላይ የተጎለትኩት ለጤናዬ መሰለሽ? አባትሽ ክንዱን ነሳኝ እንጂ!»

ወለላ ለአባቷ ደወለች። «አባዬ፣ ክንድህን ስጥ!»

«አልሰጥም። ጸበል ጀምሬያለሁ፤ ጸበልና መርፌ አይደባለቅም። የንስሐ አባቴ መምሬ ጥዑመ ካልፈቀዱ አልወጋም።»

«ጠየቅሃቸው?»

«ምኑ ይጠየቃል? የታወቀ ነው!»

ወንድ ያልጠየቀውን ነገር ነው አጥብቆ የሚያውቀው።

ወለላ መምሬ ዘንድ ሮጠች። «አባ፣ ይፍቀዱለት! እርስዎ ካልፈቀዱ አባዬ ክንዱን አይሰጥም፣ ክንዱን ካልሰጠ መርፌው አይገባም፣ መርፌው ካልገባ መቅኔው አይነሳም፣ መቅኔው ካልተነሳ ዘቦቹ አይመጡም፣ ዘቦቹ ካልመጡ በሩ አይከፈትም፣ በሩ ካልተከፈተ ጉልበት አይሳም፣ እኔም አልዳርም!»

«ማን ከለከለው?» አሉ መምሬ። «እኔ ራሴ የስኳር መርፌ የምወጋ ሰው! በይ ደውይልኝ።» ስልኩ ላይ ጮኹበት፦ «አንተ ዘለቀ! ጸበሉ የትም አይሄድብህም፤ መርፌውን ተወጋ። ልጅቷን ቆማ ቀር ልታደርጋት ነው?»

መምሬ ፈቀዱ፣ ዘለቀ ክንዱን ሰጠ፣ መርፌው ገባ። መቅኔው ግን ወዲያው አልተነሳም። መርፌው ለሁሉም እንደማይሰምር የሆስፒታሉ ሐኪም አልደበቀችም። ሰርጉ ተገፋ፣ ድንኳኑ ታጠፈ፣ መርፌው በየቀኑ ገባ። አንድ ማለዳ ዘለቀ «ወገቤን! አጥንቴን!» ብሎ ጮኸ።

«እሰይ!» አለች ነርሷ። «መቅኔ ሲነሳ እንዲህ አጥንት ያማል።»

መቅኔው ተነሳ፣ ዘቦቹ መጡ፣ በሩ ተከፈተ።

ወለላ ተንበርክካ ጉልበቱን ሳመች። ዘለቀ ሊመርቅ አፉን ቢከፍት እንባ ቀደመው።

«ቀስ በይ» አላት፤ «መቅኔዬ ገና መንቃቱ ነው።»

ተረቴ እዚህ ይረፍ። ዳቦ ያላችሁ አቅርቡ፣ የሌላችሁ አፋችሁን ያዙ።