ተራ የማያዛንፈው የውኃ አባት

«አንድ የውኃ አባት ነበረ» አሉ መምህር አስፋወሰን። ተማሪያቸው ቤዛ፣ «የዛሬ የሥነ ምግባር ፈላስፎች ሕግም ስሌትም እያላቸው ስለ ምን ወደ ጥንት ግሪኮች ይመለሳሉ?» ብላ ጠይቃቸው ነበር።

ይህ ሰው የመንደሩን የመስኖ ውኃ ለገበሬው የሚያከፋፍል ነው። ተራ አያዛንፍም፤ ለዘመድ አያደላም። አንድ በጋ አንዲት ሴት ተራዋ በደረሰበት ቀን ወለደች። በማግስቱ እናቷ መጥተው፣ «ሽንኩርቷ ሊደርቅ ነው፤ ጥቂት ልቀቅላት» አሉት።

«እማማ፣ ተራዋ አለፈ። ደንብ ደንብ ነው» አላቸው።

ሽንኩርቱ ደረቀ። የወቀሰው የለም፤ ሰዉ ግን ሲያየው ሰላም ሳይለው ማለፍ ጀመረ።

ነገሩ ከነከነው። «እንግዲያው ብዙ ጥቅም ለሚገኝበት ልስጥ» አለና ውኃውን ሰፋፊ ማሳ ወዳላቸው አዞረው። በእርግጥም የመንደሩ ምርት በዛ። ቁራሽ መሬት ያላቸው ድሆች ግን ያን ዓመት እህል ፍለጋ ሰው ደጅ ቆሙ።

አዝኖ፣ ከእርሱ በፊት የውኃ አባት ወደነበሩት ሽማግሌ ሄደ። «አባቴ፣ በደንቡ ብሠራ ሰው ተጎዳ፤ ጥቅም ባሰላ ሰው ተጎዳ። ምን ልጨምር?»

«ደንቡም ደግ ነው፣ ስሌቱም ደግ ነው» አሉት። «አንተ ግን ምን ላድርግ ትላለህ እንጂ፣ ምን ዓይነት ሰው ልሁን ብለህ ጠይቀህ ታውቃለህ? በል ተነሥ፣ ከእኔ ጋር ቦይ ለቦይ እንዙር።»

አብሯቸው ዞረ። ሽማግሌው በየማሳው ቆመው አፈሩን ይጨብጣሉ፣ የባለቤቱን ጤና ይጠይቃሉ፣ ለማን ምን ያህል እንደሚበቃ ያያሉ። እርሱም እንደ እርሳቸው ማድረግ ጀመረ፤ መጀመሪያ ሳይወድ፣ እያጉረመረመ። አንድ ጊዜማ ለጋስ ልሁን ብሎ ለአንዱ አብዝቶ ለቀቀና ከቦዩ ግርጌ ያሉት ሰዎች ማሳ ጦሙን አደረ። ሽማግሌው ሳቁ። «ደግነትም ልክ አለው፤ ልኩ የሚለመደው በሥራ ነው» አሉት።

በሚቀጥለው በጋ፣ የራሱ ተራ በደረሰበት ቀን፣ የጎረቤቱን በቆሎ ጠውልጎ አየው። ጎረቤቱ በወባ ተኝቷል። ሰውየው ቆሞ አላሰበም። ዶማውን አንሥቶ ከራሱ ውኃ እኩሌታውን ወደዚያ ማሳ መለሰው፤ ከዚያ ቦዩ ዳር ተቀምጦ ውኃው በቆሎው ሥር ሲገባ ያይ ጀመር።

ሚስቱ ደርሳ፣ «ደግሞ ይሄ በየትኛው ደንብ ነው?» አለችው።

«እንጃ! ደስ አለኝ» አላት። እርሷም ሳቀችና አጠገቡ ተቀመጠች።

መምህሩ ወደ ቤዛ ዞር አሉ። «ከግሪኮቹ በኋላ የመጡት ፈላስፎች አንዳንዶቹ ግዴታን፣ አንዳንዶቹ ጥቅምን መለኪያ አድርገው ሰጡን። ሁለቱም ያስፈልጉናል፤ ያ መንደርም ተራውን አልተወም። ነገር ግን መለኪያውን የሚይዘው ሰው ነው፤ የሰውየው ጠባይ ካልተገራ መለኪያው ብቻውን ምን ያደርጋል? የጥንት ግሪኮቹ እንደ ሽማግሌው ናቸው። በጎነት በልምድ እንደሚያድግ፣ በማነስና በመብዛት መካከል ልክ እንዳለው፣ የለመደ ልብም መልካም ሲሠራ ደስ እንደሚለው አስተማሩ። የእኛ ዘመን ፈላስፎች ደጃቸውን የሚያንኳኩት ለዚህ ነው። አንቺም ለፈተናው ሦስቱንም አጥኚ፤ ይህን የግሪኮቹን ግን አጥንተሽ ብቻ አትጨርሺውም።»