አርባኛው ድንጋይ

«ተረት ተረት!»

«የላም በረት!»

«ዛሬስ የሰው ቤት በሉኝ።»

«የሰው ቤት!»

እሰይ ልጆቼ። በድሮ ዘመን ወይራ ጫፍ የምትባል ትንሽ መንደር ነበረች። የት ነበረች ብትሉኝ ግራ እጃችሁን ዘርጉ። ዘረጋችሁ? ከአውራ ጣታችሁ ሥር ያበጠው ሥጋ ወይራ ጫፍ ነው። አራቱ ጣቶቻችሁ የተንጣለሉበት ሰፌድ ሜዳ ነው፤ ትልቅ መንደር፣ ከብት የበዛበት። በመካከል የሚያልፈው መስመር ገደሉ ነው። መዳፋችሁ ጎድጎድ ያለበት ደግሞ ምንጩ ነው። ከወይራ ጫፍ በኩል ነው ያለው፣ አያችሁ? አንጓችሁ ላይ የወጣችው አጥንት ኮረብታዋ ናት። እጃችሁን አትጨብጡ፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

ሰፌድ ሜዳ ውስጥ ክንዴ የሚባል ባለጠጋ ነበር። ከብቶቹ በዙና ውኃ አነሳቸው። ከዚያም ወደ አገሩ ገዥ ሄዶ፦ «ጌታዬ፣ ወይራ ጫፍ መንደር አይደለችም። ጥቂት ጎጆ ናት። ትፍረስና ሰዎቿ ወደ እኛ ይግቡ፣ ምንጩም ለእኛ ይሁን» አለ።

በዚያ አገር ደግሞ አንድ ሕግ ነበረ። አርባ ጭስ ያላት መንደር ትባላለች፤ ከአርባ ያነሰች ወደ ጎረቤቷ ትጠቃለላለች። ጭስ ለምን? በግ ይቆጠራል፣ ሰው ከተቆጠረ ግን ይጎድላል ይባል ነበርና ነው። ስለዚህ ምድጃው ይቆጠራል። በአንዱ ጭስ ሥር ሰባት ነፍስ ይኑር፣ በሌላው አንዲት ባልቴት ብቻዋን ትኑር፣ ያው አንድ ጭስ ነው።

ገዥውም ባላምባራስ ገላው የሚባሉ ሽማግሌ ላኩ። ሲነጋ ከኮረብታዋ ላይ ሆነው እንዲቆጥሩ ተባለ። የወይራ ጫፍ ጭቃ ሹም ደርሰህ ይባላል። የመንደሩን ቤት ያውቃልና ማታውኑ፦ «አርባ ነን፤ አንድም አንተርፍ፣ አንድም አንጎድል። ነገ ጧት የማንም ምድጃ ሳይነድ እንዳይቀር» ብሎ አዘዘ።

ከአርባዎቹ አንዷ እማዋይሽ ናት። ባሏን የቀበረች፣ ልጅ የሌላት አሮጊት። ግን እሳቷ ጠፍቶ አያውቅም። ማታ ፍሙን በአመድ ታዳፍነዋለች፤ ጧት ምድጃው የጠፋበት ሁሉ ገል ይዞ «እማዋይሽ፣ እሳት ልጫር» እያለ ይመጣል። እሷም «ጫር፣ ቤትህ ይሙቅ» ትላለች።

ያን ዕለት ጎሕ ሲቀድ የደርሰህ ሚስት ስንዱ ገሏን ይዛ ሄደች። ተጣራች። መልስ የለም። ገባች። እማዋይሽ ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ ሞታለች።

ስንዱም ጮኸች። መንደሩ ተሰበሰበ። አንዱም፦ «ጭቃ ሹም፣ እሳት እናንድድ እንጂ! ባላምባራስ ኮረብታው ላይ ወጥተዋል» አለ።

ስንዱ ግን፦ «ሬሳ ሳይቀበር ጭስ? በማን ወግ?» አለች።

«ወግ መንደር ሲኖር ነው፣ እመቤት! መንደሩ ሲፈርስ ወጉን የት ልታስቀምጪው ነው?»

ሁሉም ደርሰህን አዩት። ደርሰህ ሲወለድ እትብቱን የቆረጠች እማዋይሽ ነበረች። እሱም፦ «የምንጠፋ ከሆነ ከነወጋችን እንጥፋ። ማንም እንዳያነድ» አለ።

ፀሐይ ወጣች። ባላምባራስ ከኮረብታዋ ቁልቁል አዩ። አንድ ጭስ የለም። ክንዴ አጠገባቸው ነበርና ሳቀ፦ «አላልኩም ጌታዬ? እዚያ የሚያድረው ዝንጀሮ ነው።»

ባላምባራስ ጆሯቸውን አቀኑ። ከታች የለቅሶ ድምፅ ይመጣ ነበር። «ዝንጀሮ ሙሾ ያወጣል እንዴ፣ ክንዴ? ና፣ እንውረድ» አሉት።

ወረዱ። ሰዉ ከምንጩ በላይ፣ ከወይራው ሥር ቀብር ላይ ነበር። ቄሱ ፍትሐት አደረሱ፣ አፈር ተመለሰ። ከዚያም ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው እየወጣ በመቃብሩ ላይ አንድ ድንጋይ አኖረ። ክንዴም ለቀብር የደረሰ ሰው ነውና ባዶ እጁን መቆም ፈራ። ጎንበስ አለና ድንጋይ አንሥቶ ከሁሉ በላይ አኖረ።

ባላምባራስ፦ «ይህ ድንጋይ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ።

ደርሰህም፦ «አንድ ቤት አንድ ድንጋይ ነው፣ ጌታዬ። ቤታችን አዝኗል ማለት ነው።»

«እንግዲያ ጭሱን ብትነፍጉኝ ድንጋዩን እቆጥራለሁ» አሉና ቆጠሩ። አርባ ሆነ። «መንደር ናት!» አሉ።

ሰዉ እልል ሊል ሲል ደርሰህ እጁን አነሣ። ዝም ቢል ኖሮ ነገሩ ባለቀ ነበር። እሱ ግን፦ «በሬሳ ፊት አልዋሽም፣ ጌታዬ። የቀረነው ሠላሳ ዘጠኝ ቤት ነን። አርባኛዋ ይቺ የተኛችው ነበረች» አለ።

«ታዲያ ያ የላይኛው ድንጋይ የማን ነው?»

ክንዴም፦ «የእኔ ነው። ለወጉ ያህል ነው እንጂ እኔ የዚህ ሰው አይደለሁም።»

ባላምባራስም፦ «ድንጋዩ የቤት ነው ተብሏል። ቤትህ ካላዘነ አንሣውና ልሂድ፤ ምንጩም ያንተ ይሁን» አሉት።

ክንዴ ወደ መቃብሩ ቀረበ። ጎንበስ አለ። እጁ ድንጋዩን ነካ። ከበታቹ የምንጩ ውኃ ይሰማል። ከሙት ደረት ላይ ድንጋይ አንሥቶ ከብት የሚያጠጣ ማን ነው ልጆቼ? እጁን ሰበሰበ።

«ይቅር» አለ። «ይቆጠር።»

ባላምባራስም በቅሏቸውን ጭነው ሄዱ።

ከቀብር መልስ ስንዱ ወደ እማዋይሽ ቤት ገባች። ምድጃው የሞተ ይመስላል። አመዱን ገለጥ አደረገችው። ከሥሩ ፍም ነበረ፣ ቀይ። ከዚያም መንደሩ ሁሉ ገል ገሉን ይዞ ተሰለፈና ከዚያች ምድጃ ጫረ። ከሁሉ በኋላ ክንዴ ከደጃፉ ቆመ። በእጁ ገል ይዟል።

«እኔም ልጫር» አለ።

ደርሰህ አየውና፦ «ምን ያደርግልሃል? ገደሉን ሳትሻገር ይጠፋብሃል።»

«ከጠፋ ተመልሼ እጭራለሁ።»

ስንዱም ፍሙን በገሉ ላይ አኖረችለት፣ አመድ አለበሰችለት። እማዋይሽ ትል እንደነበረውም፦ «ጫር፣ ቤትህ ይሙቅ» አለችው።

አሁን እጃችሁን ጨብጡ። ገደሉ የት ገባ? አያችሁ፣ ጣቶቹና አውራ ጣቱ ተገናኙ፤ ምንጩም በመካከል ቀረ።

ተረቴን ከነድንጋዩ መልሱ፣ አፌን በትኩስ ድፎ አብሱ።