የማያልቀው ጫማ

ነገሩ የስምንት ሺህ ብር ጫማ ነበር። በሩጫ ክለቡ ደንብ ጫማ የሚታደለው በዓመት አንዴ፣ በመስከረም ነው። በመስከረም አምስት ኪሎ ሜትር ሮጦ ያለከልክ የነበረው አዲሱ ሯጭ ግን በጥር ሃያ አምስቱን ይጨርስ ጀመር። እሱ ሲበረታ ጫማው ደከመ፤ ሶሉ ተበልቶ አልቆ ጠጠር እግሩን ይወጋው ጀመር። እሑድ ውድድር ስላለበት የክለቡን ፕሬዚዳንት አቶ ደምመላሽን አዲስ ጫማ ለመነ።

አቶ ደምመላሽ ሯጮቹን ሁሉ ሰብስበው የራሳቸውን እግር አነሱ።

«ይኸው! ከእናንተው ጋር መስከረም ላይ የወሰድኩት ጫማ ነው። ክብደቴ ያንተ እጥፍ ነው፤ ሶሉ ንክች ብሏል? ጥፋቱ የእግርህ ነው! መልስ ካለህ ተናገር፣ ከሌለህ በባዶ እግርህ ሩጥ።»

ሯጩ ጎንበስ ብሎ ከሶሉ ሥር የተጻፈውን ቁጥር አየ፤ አርባ ሁለት፣ የራሱ ልክ።

«እውነትዎን ነው ጋሼ፣ ጥፋቱ የእግሬ ነው። እንግዲያው እንቀያየር። በእርስዎ እግር ጫማ ስለማያልቅ፣ የእኔ አሮጌ ዕድሜ ልክዎን ይበቃዎታል።»

ሯጮቹ በሳቅ ፈነዱ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና አቶ ደምመላሽ የጫማቸውን ክር ፈቱ።

ሒሳቡ ሲዘጋ ሯጩ ሶሉ ያልተነካ ጫማ አተረፈ። አሮጌውን አላጠልቅም ያሉት አቶ ደምመላሽ ደግሞ ጫማቸውን ከስረው፣ በካልሲ እስከ መኪናቸው አርባ እርምጃ ሄዱ፤ በዚያ ዓመት በእግራቸው የሄዱት ረጅሙ መንገድ እሱ ነበር።