ስፖርተኛዋ ቅርጫት

ለአንዲት ሴት ሐኪሙ ሦስት ወር ሰጣት። አትደንግጡ፤ የመሞቻ አይደለም። የመንቀሳቀሻ ነው።

«እናቴ፣ ስኳርዎ አሁንም ከፍ ብሏል» አላት። «ኪኒኑ ብቻውን አልቻለውም። ሰውነትዎን ያንቀሳቅሱ። በሦስት ወር ካልወረደ መርፌ እንጀምራለን።»

መርፌ! እናቷ በዚሁ በሽታ ነው እግሯን ያጣችው። መጀመሪያ ኪኒን፣ ቀጥሎ መርፌ፣ ከዚያ እግር። ሴትየዋ በዓይኗ አይታለች። ፈራች። የፈራ ሰው ምን ያደርጋል? ይሮጣል አይደል? እሷ ግን ቁጭ አለች።

ጂም ጠየቀች። ዋጋውን ሰምታ «በስመ አብ!» ብላ ወጣች። በጡረታ ጂም አይገባም። «እንግዲህ ወንድሜ ሲልክልኝ እጀምራለሁ» አለች። ቱታም ያስፈልጋል። ጫማም ያስፈልጋል። አንድ ወር ሄደ። ወንድምየው አልላከ፣ እሷ አልተነቃነቀች።

ቤቷ ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። ሊፍት የለውም። ታዲያ እንደ ብዙዎቻችሁ መላ አላት፦ ገመድ የታሰረባት ቅርጫት። ከበረንዳ ትጮሃለች። «ሙዘይን! ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት!» ባለሱቁ ሙዘይን ይሞላል፣ እሷ ትጎትታለች። ሽንኩርት ወጣ። ደግሞ ሳሙና። ደግሞ ክብሪት።

አንድ ጠዋት ገመዱ አልሳብ አለ። ጎተተች። ወይ ፍንክች! አንገቷን አውጥታ ብታይ፣ ሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ጎረቤቷ ዘርትሁን ቅርጫቷን ጥርቅም አድርጋ ይዛለች።

«አንቺ! ቅርጫትሽ ምን ሆና ነው እንዲህ የከሳችው?»

«ልቀቂ ባክሽ!»

«በቀን አሥር ጊዜ ስትወጣ ስትወርድ አያታለሁ። ስፖርተኛ ሆናለች! ሐኪሙ ያዘዘው ለሷ ነው ላንቺ?»

«ዘርትሁን፣ ድስት ጥጃለሁ!»

«አውርጂውና ነይ። ሽንኩርትሽ እኔ ጋ ነው።» ሽንኩርቱን ይዛ ገባች። ባዶዋ ቅርጫት ተንጠልጥላ ቀረች።

ሴትየዋ በንዴት ወረደች። በንዴት ሽንኩርቷን ነጠቀች። ጣጣው መውጣቱ ላይ ነው የመጣው! ሦስተኛ ፎቅ ስትደርስ ደረጃው ላይ ዘፍ አለች። ልቧ ድው ድው። እናቷ ትዝ አለቻት። ይህን ደረጃ በሁለት እግሯ ለመውጣት እናቷ የማትሰጠው ነገር ነበር?

ተነሣች። ወጣች።

በማግስቱ ሙዘይንን አልጠራችም። ወረደች! አሮጌ ሸራ ጫማ አድርጋ። ሁለት ቲማቲም ገዝታ ተመለሰች። ከሰዓት ደግሞ ለክብሪት። በሳምንቱ ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙስ አሸዋ ሞላች፤ ሬዲዮ ከፍታ ጠርሙሶቹን ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ፣ ቁጭ ብድግ። ጂም የለ፣ ቱታ የለ!

ዘርትሁን በሯ ላይ ቆማ ወደ ላይ ትጮሃለች።

«ደረስሽ?»

«ደረስኩ!»

«ደረጃው ላይ ስንቴ ተቀመጥሽ?»

«ሁለቴ!»

«ውሸታም!»

ሌላ ቀን፣ «ስንቴ?»

«አንዴም!»

የዘርትሁን እልልታ ብሎኩን አናወጠው።

ሦስት ወሩ ሞላ። ሐኪሙ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አየው።

«እናቴ፣ ምን አድርገው ነው?»

«ሽንኩርት ገዝቼ!»

ሳቀ። «በሉ መርፌው ቀርቷል። ኪኒኑን እንዳይተዉ። ሽንኩርቱንም እንዳይተዉ።»

እናንተስ ወገኖቼ? በቅርጫት የምትልኩት የለም? ሁለት ቤት አልፎ የታመመ ሰው አለ። ብርቱካን ትልካላችሁ። እግራችሁ የት አለ? ለቅሶ ቤት «አደራ፣ እግዜር ያጽናሽ በሉልኝ» ትላላችሁ። የተቀየማችሁት ወንድማችሁ ጋ ሽማግሌ ትልካላችሁ። ጸሎቱንም «እናንተው ጸልዩልኝ»! የላካችሁት ሰው በረታ፤ እናንተ ደከማችሁ። ለምን? ጉልበት የሚያገኘው የሄደ ነዋ!

«ሲሞላልኝ እጀምራለሁ» አትበሉ። መቼ ሞልቶላችሁ ያውቃል? እግዚአብሔር የሌላችሁን አልጠየቃችሁም። ደረጃው ደጃችሁ ላይ ነው። ዛሬ ሂዱ። ከዚህ እንደወጣችሁ። ምሳ ሳትበሉ!

ሴትየዋማ ያን ቀን ከሐኪም ቤት ታክሲ ተሳፈረች። ሰፈሯ ሊደርስ ሁለት ፌርማታ ሲቀር «ወራጅ አለ!» አለች።