በንጉሡ ራስ ላይ የበቀለው ቅጠል

«ተረት ተረት!»

«የመሠረት!»

በድሮ ጊዜ፣ ቅጠላ ቅጠል ሁሉ ስሙ ሲጠራ «አቤት!» ይል በነበረበት ዘመን፣ ጉልላት የሚባል ንጉሥ ነበረ። በዚያ ዘመን ዳማከሴን «ዳማከሴ!» ብለው ሲጠሩት «አቤት!» ይላል። ተሳስተው «ጤና አዳም!» ቢሉት ግን ዝም ነው። ቢቆጡትም ዝም፣ ቢለምኑትም ዝም።

ንጉሥ ጉልላት በሽታ በጣም ይፈራ ነበር። አንድ ቀን ከተራራ የመጣ የመድኃኒት ዘር አገኘ። ሌላ ሰው እንዳይቀድመው ብሎ ስሙን እንኳ ሳይጠይቅ እፍኝ ሙሉ ዋጠ። ልጆች፣ ስሙን ያልጠየቁት ነገር አይዋጥም። ንጉሡ ግን ዋጠ።

ሲነጋ በአናቱ ላይ ቅጠል በቅሎ ተገኘ።

ቅጠሉን ቢቆርጡት ሁለት ሆኖ አደገ። ቢጎትቱት ንጉሡ «ወየው እናቴን!» ብሎ ጮኸ። ዘውዱም አልገባ አለው። ዘበኞቹ ደግሞ «ዘውድ የሌለው ሰው አናውቅም» ብለው ከገዛ ደጁ መለሱት። ይባስ ብሎ ፍየሎች ይከተሉት ጀመር። ፍርድ ሊሰጥ ሲቀመጥ ከኋላው ተሰልፈው አንገታቸውን ያሰግጋሉ። ንጉሡም መሰላል ላይ ወጥቶ፣ እዚያው ሆኖ አገር መግዛት ጀመረ።

ከመሰላሉ ላይ እንዲህ ብሎ ዐወጀ፦

«የዚህን ቅጠል ስም የሚያውቅ ይምጣ! በስሙ ሲጠሩት አቤት ይላል፤ አቤት ካለ ውረድልኝ እለዋለሁ። ጠርቶ ያልተመለሰለት ግን አትክልቴ ውስጥ እስከ አንገቱ ይተከላል!»

የአገሩ ባለመድኃኒቶች ሁሉ በዘበኞች እየተነዱ መጡ። አንዱ «የጅብ ምርኩዝ!» ብሎ ጠራው። ዝም። ሌላው «የመነኩሴ ቆብ!» አለው። ዝም። ከሁሉም በኋላ ቢያድግልኝ የሚባል ባለመድኃኒት መጣና «የአዞ ጺም!» አለ። ቅጠሉ ዝም ማለቱ አልበቃው ብሎ በቅርንጫፉ የንጉሡን ጆሮ በጥፊ መታው።

ሁሉም እስከ አንገታቸው ተተከሉ። አትክልተኛው ጠዋትና ማታ ውኃ ያጠጣቸዋል።

ቢያድግልኝ ደብሪቱ የምትባል ሚስት ነበረችው። ወሬውን ስትሰማ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወደ ንጉሡ አትክልት ሮጠች። የባሏን ራስ በሽንኩርትና በጎመን መሐል አገኘችው። ጺሙ ውስጥ ወፍ ጎጆ ሠርታበታለች።

«ምነው አንተ ሰውዬ!» አለችው። «የአዞ ጺም የሚባል ቅጠል የት አይተህ ነው?»

«ቀስ በይ፤ ወፏ እንቁላል ታቅፋለች።»

«እውነተኛ ስሙን አታውቀውም እንዴ?»

ቢያድግልኝ ግራ ቀኙን ቃኘ። ከጎኑ የተተከሉት ራሶች ጆሯቸውን አቆሙ። «አሳምሬ አውቀዋለሁ» አለ በሹክሹክታ።

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«አንቺ ደግሞ! የመድኃኒት ስም ለሌላ ከተነገረ ኃይሉ ይጠፋል። አባቴ ለእኔ የነገረኝ ሊሞት ሲል ነው። አያቴም ለአባቴ እንደዚያው። እነዚህ ደግሞ» አለ፣ በቅንድቡ ወደ ጎረቤቶቹ እያመለከተ፣ «ሌቦች ናቸው። ይሰርቁኛል።»

«ለእኔ በጆሮዬ ንገረኝ።»

«ልሞት ስል ጠይቂኝ።»

«እስከ አንገትህ ተቀብረህ? ከዚህ ወዲያ ምን መሞት አለ!»

አትክልተኛው ውኃውን እያፈሰሰ እንዲህ አላት፦ «እመቤቴ፣ ምክር ካለሽ ቶሎ በይ። እግሩ ሥር ማውጣት ጀምሯል። የመጀመሪያው ዝናብ ከወረደበት ሥሩ መሬት ይይዛል። ያን ጊዜ ያለሽ ባል ሳይሆን ዛፍ ነው።»

ደብሪቱ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። በተራራው ጀርባ ደመና ተሰብስቧል። ቢያድግልኝ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግትር ነበር እንጂ። ደግሞስ ከዛፍ ጋር እንዴት ይኖራል?

ወደ ተራራው ወጣች። እሷ መድኃኒት አታውቅም፤ የምታውቀው ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነው።

«ዳማከሴ!» ብላ ጠራች።

«አቤት!»

«በንጉሡ ራስ ላይ የበቀለው ማን ነው?»

«የሌላውን ስም አልናገርም። እኛ ቅጠሎች ሐሜት አንወድም። ግን በጣትሽ አሽተሽ አሽትቺው።»

ትንሽ ሄዳ «እሬት!» ብላ ጠራች።

«አቤት!»

«የንጉሡን ቅጠል በምን ልለየው?»

«በምላስሽ ጫፍ ቅመሺው። ቅመሺ አልኩ እንጂ ዋጪ አላልኩም።»

አሁንም ሄደችና «ሳማ!» አለች።

«አቤት! እዚያው ሆነሽ ተናገሪ፣ እንዳልለበልብሽ።»

«ቅጠሉን በምን ልለየው?»

«ቅጠል ከቅጠል ይመሳሰላል። አበባ ግን አይዋሽም። እስኪያብብ ጠብቂ።»

«ንጉሥ ራስ ላይ እንዴት ያብባል?»

«አፈር ካገኘ ያብባል» አለ ሳማ።

ደብሪቱ ወደ ንጉሡ ተመልሳ መሰላሉን ወጣች። ቅጠሉን በጣቷ አሽታ አሸተተችው።

«ምን ይሸታል?» አለ ንጉሡ።

«ቅቤ ይሸታል፣ ንጉሥ ሆይ። ራስዎን በጣም ተቀብተዋል።»

በምላሷ ጫፍ ቀመሰችው።

«ምን ይላል?»

«ይመራል፣ ንጉሥ ሆይ። ምሬቱ የቅጠሉ ይሁን የእርስዎ ግን አልለየሁም።»

መኳንንቱ ሳቃቸውን በኩታቸው አፈኑ። ንጉሡ «ትተከል!» ሊል አፉን ከፈተ። ደብሪቱ ቀደመችው።

«ስሙ የሚለየው ሲያብብ ነው። እንዲያብብ ደግሞ አፈር ይፈልጋል።»

«አፈር በራሴ ልትነሰንሺ?»

«ኧረ በምን ድፍረቴ! እርስዎ ይግቡበት እንጂ፣ እስከ አንገትዎ ድረስ። ከላይ ትንሽ ፍግ እናደርጋለን።»

ንጉሡ ሊቆጣ ነበር። በዚህ መሐል አንድ ፍየል የመሰላሉን የመጀመሪያ እርከን ወጣ። ንጉሡም «ቆፍሩልኝ!» አለ። ዘበኞቹን አስጠንቅቆም «ቅጠሉ አቤት ሳይል እንዳታወጡኝ። ብለምናችሁም አትስሙኝ» አላቸው። በባለመድኃኒቶቹ መሐል ተተከለ። አትክልተኛው ውኃ አጠጣው፤ ፍጉንም አልነፈገውም።

ብዙም ሳይቆይ ንጉሡ ጮኸ፦ «አፍንጫዬን በላኝ! እከኩልኝ!»

«እኛንም ከተተከልን ጀምሮ ይበላናል» አለ ከጎኑ ያለው ራስ።

«ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ?»

«እናስነጥሳለን፣ ንጉሥ ሆይ።»

ቅጠሉን ፀሐይ ሞቀው፤ አፈሩም ተስማማው። ቅጠሉ ቀጭን ዘንግ አወጣ። በዘንጉ ላይ ትንንሽ ሐምራዊ አበቦች ፈኩ።

«አበበ!» አለ ንጉሡ። «ስሙን ጥሪው!»

ደብሪቱ ጎንበስ ብላ አየችው። ዞር ብላም አየችው። «አላውቀውም» አለች።

«አላውቀውም?»

«እኔ አላውቀውም። ግን አበባውን ሲያዩ የእነዚህ ሁሉ ዓይን በራ።»

እውነቷን ነበር። ራሶቹ ሁሉ አበባውን ያዩና መልሰው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። በዚህ ጊዜ ሰማዩ አጉረመረመ። አንድ ጠብታ በንጉሡ አፍንጫ ላይ ወረደ። የእግሩ ጣቶች ሲንቀሳቀሱ ተሰማው፤ እሱ ግን አላንቀሳቀሳቸውም።

«ተናገሩ!» ብሎ ለመነ። «ግማሽ መንግሥቴን ውሰዱ!» ራሶቹ ዓይናቸውን ይበልጥ ጨፈኑ። አንድ ሁለቱ እንዲያውም የተኙ መሰሉ።

ደብሪቱ ባሏን አየችው። ግንባሩ ላይ ቅርፊት መሳይ ነገር ወጥቷል። እነዚህ ሰዎች ከመሞት ይልቅ መሰረቅን እንደሚፈሩ ያን ጊዜ ገባት።

«ንጉሥ ሆይ» አለች፣ «እኔ አናግራቸዋለሁ። ቅጠሉ አቤት ካለ ግን መጀመሪያ የሚነቀሉት እነሱ ናቸው። ሰው መትከልም ይቀራል።»

«ማልሁልሽ!»

«በማን?»

«በፈለግሽው! በፍየሎቹም ቢሆን!»

ደብሪቱ ወደ ራሶቹ ዞረች። «አባቶቼ፣ ስሙን ለሌላ የነገረ መድኃኒቱ ይረክስበታል አይደል?»

«እንዴታ!» አሉ።

«ሁላችሁ በአንድ ጊዜ ብትጮኹስ? የሚጮህ ሰው የሚሰማው ራሱን ነው። ታዲያ ማን ለማን ነገረ ይባላል?»

ራሶቹ አሰቡ። ዝናቡ ጠብ ጠብ አለ። በመጨረሻ ከሁሉ ያረጀው ራስ «አባቴ ይህን አልከለከለኝም» አለ።

«እንግዲህ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!»

«አቱች!» ብለው ጮኹ፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ።

«አቤት!» አለ ቅጠሉ። «ምነው እስከ ዛሬ ሳትጠሩኝ?»

«ውረድልኝ!» አለ ንጉሡ። አቱችም ከራሱ ላይ ዘሎ ወረደና ሥሩን እየጎተተ ወደ ተራራው ሄደ።

ራሶቹ ተፋጠጡ። «አንተም አቱች ነው የምትለው?»

«አባቴ ለእኔ ብቻ የነገረኝ መስሎኝ!»

«አባትህ ከአባቴ ሰርቆ ነዋ!»

«ያንተ አባት ነው እንጂ ከአያቴ የሰረቀ!»

እጃቸው አፈር ውስጥ ስለነበረ በምራቅ ተጣሉ። «ዝናቡ! ዝናቡ!» ብላ ደብሪቱ ጮኸች። ዘበኞቹ ዶማ ይዘው ተረባረቡ። እሷም ባሏን በብብቱ ይዛ ሳበችው። እንደ ካሮት ተነቅሎ ወጣ። ወፏን ከነጎጆዋ ወደ አጥሩ አዛወሯት። ንጉሡ መጨረሻ ላይ ተነቀለ። መሐላውንም ጠበቀ፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ተክሎ አያውቅም።

ባልና ሚስት በዝናብ ውስጥ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ቢያድግልኝን ብርዱ ሆዱን ቆረጠው። ደብሪቱ ከተራራው አቱች ፈልጋ አዘጋጀችለት።

«ስሙን አገር ሰምቶታል፤ ምን ይሠራልኛል ብለሽ ነው?» አለ።

«ጠጣ አንተ!»

ጠጣ። ቁርጠቱ ተወው። ቢያድግልኝ ሆዱን ዳሰሰ፣ ደግሞ ዳሰሰ። ከዚያ ሚስቱን ይዞ ወደ ደጅ ወጣ። ዞር ዞር ብሎ ሰው አለመኖሩን አየና የአንዱን ቅጠል ስም በሹክሹክታ ነገራት። ሁለተኛውን ሲናገር ትንሽ ጮክ አለ። ሦስተኛውን ሲናገር ጎረቤት ሁሉ ሰማው።

እንግዲህ ልጆች፣ ተረቱ ይህን ያስተምረናል፦ ዕውቀቱን የሚደብቅ ሰው ራሱን ከነዕውቀቱ ይቀብራል፤ ለሰው ቢያካፍለው ግን አይጎድልበትም። እናንተም ስሙን የማታውቁትን ቅጠል አፋችሁ ውስጥ እንዳታስገቡ።

ተረቴን ለጎረቤት ልጆች አድርሱ፣ አፌን በትኩስ ቂጣ አብሱ።