አንበሳው ሳያገሳ የመጣ ዕለት

አንድ ጊዜ፣ የዱር እንስሳት ሁሉ በአንድ ንጉሥ ሥር ይተዳደሩ በነበረበት ዘመን፣ ከሸለቆው አፍ ላይ፣ ከአንዲት ምንጭ አጠገብ አንድ ሐኪም ቤት ነበረ። ያሠራው ንጉሡ አንበሳ ነው። በወጣትነቱ ወንድሙ ቆስሎ፣ የሚያነሳው አጥቶ መንገድ ላይ ስለሞተበት፣ «ከእንግዲህ በእኔ ግዛት ማንም እንዲህ ወድቆ አይቀርም» ብሎ ነበር ያሠራው። አልጋው ለስላሳ ሣር፣ ጣራው የትልቅ ሾላ ጥላ ነበር። በድንገት ለተጎዱ ብቻ የተተወ አንድ በርም ነበረው፤ «የድንገተኛ በር» ይሉታል።

የሐኪም ቤቱ አለቃ ቀበሮ ነበር። የድንገተኛውን በር የሚጠብቀው ደግሞ አያ ጅቦ ነው። ጅብን በበሽተኛ በር ላይ ያቆመው ማን እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ ቀበሮ ብቻ ያውቃል። ሐኪሟ ሚዳቋ ነበረች። ቆላ ወርዳ ከአንዲት አሮጊት ኤሊ ዘንድ ሕክምና ተምራ የመጣች፣ ቁስል ማጠብና ስብራት ማሰር የምታውቅ ባለሙያ ናት። ነገር ግን ዓይናፋር ነበረች። አንድ እንስሳ ሲያናግራት ዓይኗ ወዲያው መሬት መሬት ያያል። ድምፅዋም አጠገቧ ላለው እንኳ በጭንቅ ነበር የሚሰማው።

ይህች ሚዳቋ በልቧ የያዘችው አንድ ምስጢር ነበራት።

ንጉሡ ሐኪም ቤቱን በየጊዜው ይጎበኛል። ጉብኝቱም ወግ አለው። ከወዲያኛው ኮረብታ ላይ ይቆምና ደረቱን ነፍቶ፣ ሸለቆው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ያገሳል። ከዚያ በኋላ ነው እየተጎማለለ የሚወርደው። እሱ ወርዶ እስኪደርስ ታዲያ ሐኪም ቤቱ ውስጥ ሌላ ነገር ይሆናል። መሮጥ የሚችል ይሮጣል። መሮጥ የማይችል ይንፏቀቃል። ትኩሳት የያዛት ጥንቸል ከነትኩሳቷ፣ ቁስሉ ያልጠገገ ከርከሮ ከነቁስሉ እየወጣ ይጠፋል። ንጉሡ ሲገባ የሚያገኘው ባዶ አልጋ ነው።

«የት አሉ ታማሚዎቼ?» ይላል።

«ድነው ሄዱ ጌታዬ!» ይላል ቀበሮ ጅራቱን እየቆላ። «በእርስዎ ዘመን ማን ታሞ ይከርማል?»

አንበሳውም ባዶውን ሣር እያየ፣ ወንድሙን እያሰበ፣ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ቀበሮን አመስግኖ፣ ደስ ብሎት ይመለሳል። ከሸሹት መካከል ግን ከሐኪም ቤቱ ጀርባ ያለውን ገደል የማያልፉ ነበሩ። ከገደሉ ሥር አያ ጅቦ ቀድሞ ይጠብቃቸዋል።

ሚዳቋ ይህን ሁሉ ከመጀመሪያው ጉብኝት ጀምራ ታውቅ ነበር። ለማንም አልተናገረችም።

አንድ ሰሞን እትዬ አህያ ተጎዳች። እትዬ አህያ ከየመንደሩ በሽተኛ በጀርባዋ እየተሸከመች ወደ ሐኪም ቤቱ የምታመላልስ ደግ እንስሳ ናት። ምጥ የያዛት በግ አዝላ ድንጋያማውን ቁልቁለት ስትወርድ ተንሸራተተች። በጊቱ እንዳትወድቅ ብላ የራሷን የኋላ እግር ድንጋይ ላይ ጣለችው፤ እግሩም ተሰበረ። በጊቱ በሰላም ተገላገለች። አህያ ደግሞ በሽተኛ ስታደርስበት በነበረው አልጋ ላይ ራሷ ተኛች።

ሚዳቋ ስብራቱን በቀርከሃ አጣብቃ አሰረችላት።

«እትዬ፣ ይህ እግር እስኪጠና ድረስ መሬት መንካት የለበትም» አለቻት። «አንዴ ከተነሡበት ዳግመኛ አይቆሙበትም።»

«እኔ ደግሞ መተኛት መች ጠላሁ ልጄ?» አለች አህያ። «የተፈጠርኩት ለጭነት ብቻ ይመስለኝ ነበር እኮ። ለካ ጎን ማሳረፍ የሚባል ነገር አለ!»

ይህን እየተባባሉ ሳለ ቀበሮ ከድንጋይ ላይ ወጥቶ ጮኸ፦ «ነገ ጉብኝት ነው! ግቢው ይጠረግ! የሚያቃስት ካለ ከአሁኑ ይጨርስ!»

አህያ የታሰረ እግሯን አየች።

«እትዬ፣ ነገ አይሮጡም አይደል?» አለች ሚዳቋ።

«አስቤ የምሮጥ ይመስልሻል? ያ ድምፅ ሲመጣ እግሬ እኔን አያማክረኝም። እናቴም እንዲሁ ነበረች።»

በዚህ መሐል አያ ጅቦ በዚያ በኩል አለፈ። ሲያልፍም ቆም አለ።

«እግሪቱ እንዴት ዋለች?» አለ።

«እግሪቱን ከምትጠይቅ ባለቤቷን አትጠይቅም?» አለችው አህያ።

«ከባለቤቷ ጋርማ ነገ እንገናኛለን» አለ አያ ጅቦ ከንፈሩን እየላሰ። «ይሄ ቁጥጥር የሚባል ነገር እንዴት ያለ ጥሩ ነገር ነው! እኔ ብሆን በየሳምንቱ ነበር የማደርገው። ንጉሣችን ገና መቼ ተቆጣጠሩና!»

ሚዳቋ ወደ ቀበሮ ሄደች። መሬት መሬት እያየች፣ ንጉሡ ለአንድ ቀን ሳያገሱ ቢመጡ ምን ይመስልዎታል ብላ ጠየቀች።

«ወይዘሪት ሚዳቋ!» አለ ቀበሮ። «አንቺ የተማርሽ ነሽ። ንጉሥ ሳያገሳ መጣ ሲባል የት ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ደግሞስ አልጋው ሞልቶ ቢያይ ምን ይላል? ታማሚ ለምን በዛ ይላል። ከዚያ ምንጩ ለምን በደለል ተደፈነ ይላል። ከዚያ መድኃኒቱ የት ገባ ይላል። እኚህን ትልቅ ንጉሥ ለምን እናስጨንቃቸዋለን?» ከዚያም ጠጋ አለና ሳቀባት። «ካማረሽ ራስሽ ሄደሽ ንገሪያቸው። እኔን እንኳ ቀና ብለሽ አይተሽኝ አታውቂም!»

እውነቱን ነበር። ሚዳቋ በዚያም ጊዜ ቀና አላለችም።

በማግስቱ ማለዳ ግን ከኮረብታው ማዶ ትገኛለች ብሎ ማን ያስብ ነበር? አንበሳው ለግሳቱ እየተዘጋጀ፣ ከወንዝ ዳር ውሃ እየተጎነጨ ጉሮሮውን ያለሰልስ ነበር። ሚዳቋ ከሣሩ ውስጥ ወጥታ ከፊቱ ቆመች። እግሮቿ እንደ ሸምበቆ ይርገፈገፋሉ።

«ይኸውላችሁ ዘመን!» አለ አንበሳው። «ቁርሴ በእግሩ መምጣት ጀመረ?»

«ጌታዬ፣ እኔ የሐኪም ቤትዎ ሐኪም ነኝ።»

«ታዲያ ምን ያንቀጠቅጥሻል? አሞሻል እንዴ? ካመመሽ እኮ ሐኪም ቤት አለን፤ አልጋ እንደሆነ ሁልጊዜ ባዶ ነው።»

«እሱን ልነግርዎት ነው የመጣሁት» አለች። ፊቱን ማየት ስላልቻለች ለመዳፉ ነበር የምትናገረው። «አልጋው ባዶ የሚሆነው ታማሚዎቹ ድነው አይደለም ጌታዬ። ድምፅዎን ፈርተው እየሸሹ ነው። ቁስለኛው ከነቁስሉ ይሮጣል። ገደል የሚገባም አለ። እርስዎ ሲመለሱ፣ ያከምኩት ሁሉ እንዳልታከመ ይሆናል፤ የማይመለስም አለ።»

አንበሳው መጀመሪያ ጋማው ተነሣ። ሚዳቋ ዓይኗን ጨፈነች። ስትከፍተው ግን አንበሳው ቁጭ ብሎ፣ ጋማው ወርዶ፣ ወደ ውሃው ያይ ነበር።

«እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የማስባቸው እነዚያን ባዶ አልጋዎች ነበር» አለ። «አንድ ጥሩ ነገር ሠርቻለሁ እል ነበር።» ወደ እሷ ዞሮም፣ «ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?» አላት።

«መጀመሪያ ፈራሁ። ኋላ ደግሞ ዝም ማለቴ ራሱ አሳፈረኝ። በዘገየሁ ቁጥር ለመናገር እየከበደኝ ሄደ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ አንዲት አህያ አለች። በሽተኛ ተሸክማ ስትመጣ ነው እግሯ የተሰበረው። ዛሬ ከሮጠች ዳግመኛ አትቆምም። እሷ ካልቆመች ደግሞ ከየመንደሩ የሚወድቀውን የሚያነሳው የለም።»

አንበሳው «የሚያነሳው የለም» የሚለውን ቃል ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ።

«እሺ፣ አላገሳም። ግን በኮረብታው ስወርድ ጠረኔ ይቀድመኛል።»

«ነፋሱ ከሐኪም ቤቱ ወደ እርስዎ በሚነፍስበት በታችኛው በኩል፣ በቄጠማው ውስጥ፣ በሆድዎ እየተሳቡ ቢመጡ...»

«ንጉሥ? በሆዱ?»

«ምሳዎን ሲሹ በሆድዎ ይሳቡ የለም እንዴ?»

የተናገረችውን የሰማችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነበር። ጆሮዎቿ ወደቁ። አንበሳው አፈጠጠባት፤ ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ድምፁን አፍኖ ይስቅ ነበር።

«ለሆዴ የማደርገውንማ ለወገኖቼ አልነፍግም» አለ። «ሂጂ፣ ቅደሚኝ።»

በሐኪም ቤቱ ሁሉም ግሳቱን እየጠበቀ ነበር። ቀበሮ ፀጉሩን አበጥሯል። አያ ጅቦ ከማታ ጀምሮ ሆዱን ባዶ አድርጎ ውሏል። ታማሚዎቹ እንደተጋደሙ ጆሯቸውን ወደ ኮረብታው አቁመዋል። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች፤ ግሳት የለም። በድንገተኛው በር አጠገብ ያለው ቄጠማ ትንሽ ተነቃነቀ፤ ማንም ልብ አላለም።

በዚህ ጊዜ አንዲት ጦጣ ልጇን ታቅፋ እየሮጠች መጣች። ልጁ ከዛፍ ወድቆ ራሱ ደም ያንጠባጥባል።

«በፈጠረህ አያ ጅቦ፣ አስገባኝ!»

«ዛሬ አይታከምም» አለ አያ ጅቦ። «ጉብኝት ነው።»

«ልጄ እየደማ እኮ ነው!»

«ታዲያ ንጉሡ የደማ ነገር ይዩ ነው የምትይው? ነገ ነይ።»

ሚዳቋ ሰምታ ወጣች። «አስገባት» አለች። አያ ጅቦ ድምፅዋ ስላልመሰለው ዞር ዞር ብሎ የተናገረውን ፈለገ። እሷ ግን መልስ ሳትጠብቅ ልጁን ከእናቱ ተቀብላ ደሙን ማቆም ጀመረች።

ቀበሮ ተቆጥቶ መጣ። «ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፤ አልጋው እንደሞላ ነው! አሁን ቢመጡ ምን ሊሉ ነው? አያ ጅቦ፣ አንተ ጩህ!»

«ምን ብዬ?»

«አንበሳ መጣ በላ!»

«ካልመጡስ?»

«አንተ ደንቆሮ! ያለፈው ጊዜ ያቺን ጥንቸል የበላሃት ማን አስሩጦልህ ነው?»

«እሱማ ንጉሡ ናቸው» አለ አያ ጅቦ ቅር ብሎት። «ደግሞ ብቻዬን እንደበላሁ ያስመስላሉ እንዴ አለቃ? የከርከሮውን ጉበት ማን ወሰደው?»

«ጩህ ብዬሃለሁ!»

አያ ጅቦ አፉን ከፈተ። «አንበሳ መጣ! አንበ...»

ቀሪውን አልጨረሰውም። ከቄጠማው ውስጥ አንድ ትልቅ መዳፍ ወጥቶ አፉ ላይ ተጫነበት። አንበሳው ድምፅ ሳያሰማ ከበሩ ቆመ። ጅቡን እንዳየው ጉሮሮው ውስጥ ግሳት ሞልቶ ነበር፤ ዋጠው።

ታማሚዎቹ አዩት። ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነቃነቁ። እትዬ አህያ የፊት እግሮቿን መሬት ላይ ተክላ ተነሣች፤ የታሰረው እግር ሊከተል ሆነ።

ያን ጊዜ ሚዳቋ ልጁን ለእናቱ ሰጥታ ሄደች፤ ከአንበሳው ጎን፣ ትከሻዋ ጋማውን እስኪነካ ድረስ ተጠግታ ቆመች። በዱር ውስጥ ከሚዳቋ በላይ ፈሪ እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። እሷ አልሮጠችም።

«እትዬ፣ ይተኙ» አለች። አሁን ድምፅዋ እስከ መጨረሻው አልጋ ድረስ ተሰማ። «እኔም እኮ አለሁ።»

አህያ አንበሳውን አየች፤ ሚዳቋንም አየች። እግሯ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ እያቃሰተች፣ ሣሩ ላይ ተመለሰች። እሷ ስትተኛ ሌሎቹም ባሉበት ቀሩ።

አንበሳው ከመካከላቸው ሆዱን መሬት ላይ አስነክቶ ተጋደመ። ከሚያውቀው ድምፅ ሁሉ ትንሹን ፈልጎ አወጣና፣ «ምን ጎደለባችሁ?» አለ።

ታማሚዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ውሃ፣ ጌታዬ» አለች በመጨረሻ አህያ። «ምንጩ አጠገባችን ነው፤ ከንፈራችን ግን ደርቋል።»

ከዚያ ሌላው ተናገረ፣ ከዚያም ሌላው። አንበሳው ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ሰማ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቀበሮ አለቃ መሆኑ ቀርቶ የምንጩን ደለል እየጠረገ ለታማሚዎች ውሃ የሚያመላልስ ሆነ። አያ ጅቦ ከወንዙ ማዶ እንዲኖር ተፈረደበት፤ «ጥፋቴ ምንድን ነው? ቁጥጥር መውደዴ ነው?» እያለ ሄደ። የድንገተኛው በር ከዚያ ወዲያ ጠባቂ አልተደረገለትም፤ ክፍት ሆኖ ቀረ።

ንጉሡም በየጊዜው በቄጠማው በኩል ይመጣል። አንድ ቀን፣ እትዬ አህያ ትንሽ እያነከሰች አንድ የታመመ ጥጃ ተሸክማ ስትገባ፣ አንበሳው አልጋዎቹን ዞር ብሎ አየና ቅር አለው።

«ሞልቷል» አለ።

«አዎ ጌታዬ» አለች ሚዳቋ ዓይኑን እያየች። «አሁን ማንም አይሸሽም።»

ከዚህ የምንማረው፣ ሐኪም ቤትን የሚቆጣጠር ሹም የታማሚውን ድምፅ መስማት ከፈለገ መጀመሪያ የራሱን ድምፅ ዝቅ ማድረግ እንዳለበት ነው።